ፀሐይን ያሳመረው ሰው

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጨረቃው» ይለዋል። እሱ ጨረቃን በቴሌስኮፕ ስለማነሳ ነው ይላል። ስሙ የወጣለት ግን ቴሌስኮፑ ከመምጣቱ በፊት፣ ጸጉሩ ያለቀ ጊዜ ነው።

ሥራው ፎቶ አንሺነት ነው፤ ዛሬም በፊልም ያነሳል። ስም ያተረፈው ግን በማሳመር ነው። በፊልም ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣ፣ ፊት ላይ ያለ ነጥብ እንደ ቀዳዳ ብርሃን ያሳልፋል። እሱ ፊልሙን መብራት ባለው መስታወት ላይ ዘርግቶ ያን ቀዳዳ በሹል እርሳስ ይደፍነዋል። ብጉር አይቀር፣ ጠባሳ አይቀር። አንድ ጊዜ እኔን አንስቶኝ እህቴ ፎቶውን አይታ ልጅህ ነው ወይ አለችኝ። ልጅ የለኝም።

ጣጣው የመጣው ከመታጠቢያ ቤቱ ነው። በቤቱ ያለው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም የፊልም ማጠቢያ አድርጎታል። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተደፍኗል፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ጨረቃ በጨረቃ ሆኗል። ሚስቱ ገላዋን ለመታጠብ ደጅ ትጠናለች። አማቱ የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ያለበትን ሳፋ የሞቀ ውሃ መስሏት እግሯን የዘፈዘፈች ዕለት ግን ትዕግሥት አለቀ።

ሚስቱ እኔን ዳኛ አድርጋ ፈረደች። ፀሐይን ከነጥቁር ነጥቦቿ አነሳለሁ እያለ ዘመኑን ፈጅቷል። እስከ እሑድ ሳሎን የሚሰቀል ፎቶ ካመጣ ክፍሉ የሱ ነው፤ ካላመጣ ሳፋውን ተሸክሞ ይወጣል።

ቅዳሜ ጣራው ላይ ወጣ። ቴሌስኮፑ አፍ ላይ ጥቁር ማጣሪያ፣ ከኋላው ካሜራውን ገጠመ። ደመናው ሲያላግጥበት ውሎ ለመጨረሻዋ ፊልም ገለጥ አለለት።

እሑድ ፎቶውን በጨርቅ ሸፍኖ አመጣና ገለጠው። ክብ፣ ነጭ፣ እንከን የሌላት ፀሐይ።

አማቱ ሳህኑን ከየት እንደገዛው ጠየቀች።

«ነጥቦቹስ የታሉ?» አለች ሚስቱ።

ፎቶውን ነጥቆ አየ፤ ግንባሩን ያዘ። ሬዲዮ እያዳመጠ ፊልሙን መስታወቱ ላይ ዘርግቶ ነበር። የቀረውን እጁ ሠርቶታል።

«እጄ ነው» አለ፤ «ነጥብ ሲያይ አያስችለውም።»

ሚስቱ ዞር ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን የሠርግ ፎቷቸውን አየች። ያነሳው የያኔው አሠሪው ነው፤ ፊልሙን ያሳመረው ግን ሙሽራው ራሱ። ሁላችን የምናውቀው የግራ ጉንጯ ነጥብ እዚያ የለም።

«የኔን አጠፋህ፣ ቻልኩት» አለች። «ፀሐይ ደግሞ ምን አደረገችህ?»

እሱም ቀስ ብሎ፣ እርሳስ ስለሆነ አኳራጅ የሚባለው የቀለም ማቅጠኛ በነካ ጥጥ ይለቃል አለ። ፊልሙን ይዞ ሊሮጥ ሲል በሩ ላይ ቆመችበት። ከቁም ሣጥን የሠርጋቸው ፊልም ያለበትን አንድ አሮጌ ፖስታ አውጥታ ሰጠችው።

«መጀመሪያ የኔን።»

ብዙ ጠበቅን። ሁለት እርጥብ ፎቶ ይዞ ወጣ። አንዱ ላይ የፀሐይ ነጥቦች ተመልሰዋል፤ ሌላው ላይ የሙሽራዋ ነጥብ። አማቱ ሁለተኛውን አቅርባ አየችው።

«ይቺንስ አውቃታለሁ፤ እኔ ነኝ የወለድኳት» አለች።

ሚስቱ ሁለቱንም ጎን ለጎን በራሷ እጅ ሰቀለቻቸው።

እኔም ክፍሉ የሱ ነው ብዬ ፈረድኩ። ሳልቸኩል መፍረድ ነበረብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሚስቱም አማቱም ገላቸውን የሚታጠቡት እኔ ቤት ነው።