የዋጥኳት ፊደል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስናዘዝ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ መናገር የቀለለኝም ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ወልድያ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ምላሴን ይፈሩታል፣ ጎረቤቶቼ ደግሞ «ለሚስቱ አዛኝ ነው» ይሉኛል። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውን አንብባችሁ ስትጨርሱ ራሳችሁ ፍረዱት።

በጦርነቱ ጊዜ ሚስቴን ዋሸኋት። ውሸቱ የአንዲት ፊደል ውሸት ነበር። በእሱ የተነሳ አማቴ እማማ ደብሬ ብቻቸውን ቀሩ፤ ብቻቸውንም ሞቱ። ሚስቴ አስካለ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል።

እማማ ደብሬ በሰፈራችን በጠላቸው የታወቁ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉት ጠላ እየጠመቁ ነው። አስካለን ሳገባ እናትየውንም አብሬ እንደማገባ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። አስካለ ከቢሮ ስትመለስ ቀጥታ ወደ እናቷ ጓዳ ትገባለች። ጌሾ ይወቅጣሉ፣ ብቅል ያሰጣሉ፣ ያወራሉ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት ሳርም ሳቃቸው ይሰማኛል። በሰባት ዓመት ትዳራችን ልጅ አልወለድንም፤ ስለዚህ ከግድግዳው ወዲህ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እማማ ምን በደሉኝ? ምንም። ምግብ ሲቀርብ «መምህሬ፣ ብላ እንጂ» እያሉ የሚያጎርሱኝ እሳቸው ናቸው። ያም ሆኖ በገዛ ቤቴ ተከራይ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

የጉዞው ሐሳብ የእኔ ነው። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ተዘግቷል፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። «ጾሙ ሳይገባ ሁለታችን ብቻ መርሳ እንውረድ» አልኳት። «የአገሩን መጠጥ ሁሉ እየቀመስን እንመለሳለን። ጠላውን፣ ጠጁን፣ አረቄውን፣ ሆቴል ውስጥ ካገኘንም ዊስኪና ወይን። እንደ ተማሪ ከአስር ነጥብ እንሰጣቸዋለን።» አስካለ የጠማቂ ልጅ ናት፣ መጠጥ ስትቀምስ እንደ ዳኛ ፊቷን ታከብዳለች። ሳቀችና «አራሚዋ እኔ ነኝ፣ አንተ ውጤት መዝጋቢ ነህ» አለችኝ።

በጦርነት መሀል ሽርሽር? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጦርነቱ ያኔ በሰሜን በኩል እየቀረበ ነው ይባል ነበር። ሰው አንድ ቀን ይሸሻል፣ በማግስቱ ይመለሳል። እማማ ራሳቸው «መጡ» ተብሎ ሁለት ጊዜ ጓዛቸውን አስረው ሁለት ጊዜ ፈተውታል። ወልድያ አትነካም ብለን አምነን ነበር፤ ወይም እንደዚያ ማመን ፈልገን ነበር። የእማማ ስልክ ተበላሽቶ ስለነበር አስካለ የራሷን ትታላቸው ወጣች። እሳቸውም በዚያ ሰሞን ጠላ ጠንስሰው ነበርና በር ላይ ሲሸኙን ቀለዱብን። «ሲደርስ እደውልላችኋለሁ። የሰው ጠላ ስታማርጡ የእኔ እንዳይሆመጥጥ።»

መርሳ ሁለት ቀን ቆየን። እነዚያን ሁለት ቀናት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የመጀመሪያዋ ጠላ ሻጭ ልማዱ እንደሆነው በመዳፏ ጠብ አድርጋ ራሷ ቀምሳ ሰጠችን፤ አስካለ ሴትየዋ ዞር እስክትል ጠብቃ «ጌሾው በርትቷል፣ ሰባት» አለች በጆሮዬ። አረቄው እንባዋን አመጣው። «ይሄ ለቁስል ነው እንጂ ለጉሮሮ አይደለም» ብላ አራት ሰጠችው። የሆቴሉን ዊስኪ «ጭስ የገባበት ውሃ» ብላ ሁለት፣ ወይኑን ስድስት። ማር የሚሸጡ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ወሬያችንን ሰምተው ብርዝ ቀዱልንና «የእኔ አያሰክርም፣ ግን ወላሂ ከሁሉም ይበልጣል» አሏት። ዘጠኝ ሰጠቻቸው። ከዚያ በመርሳ ዋና መንገድ ላይ፣ በማንጎ ሻጮቹ መሀል እጄን ያዘችኝ። ወልድያ ውስጥ አንድም ቀን በመንገድ ላይ እጄን ይዛ አታውቅም። የእናቷ ጓዳ ሳቅ ለእኔ የወጣ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስካለ ገላዋን ስትታጠብ እኔ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ከጀርባቸው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«መምህሬ፣ ጠላት ደርሷል» አሉኝ። «ጠላት ደርሷል፣ ቶሎ ኑልኝ። ብቻዬን ነኝ።»

መስመሩ ተቋረጠ። አስካለ ፀጉሯን በፎጣ እየጠቀለለች ብቅ አለች።

«እማዬ ናት? ምን አለች?»

«ጠላ ደርሷል፣ ቶሎ ኑልኝ፣ ብቻዬን ነኝ ነው የሚሉት» አልኳት።

ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ከእናቷ ቃል ላይ «ት»ን ብቻ ዋጥኩ። አስቤበት ነበር? አፌ ከልቤ ቀድሞ ነበር እንዳልል፣ ከልቤ ነው የወጣው። ያን ቀን ውርጌሳ ወርደን ጠጅ ልንቀምስ ተነጋግረን ነበር። አንድ ቀን ብቻ ፈለግኩ። አንድ ቀን ከግድግዳው ወዲያ ሳይሆን ከእኔ ጋር እንድትስቅ።

አስካለ ሳቀች። «እሷ ደግሞ ትዕግሥት የላትም። ነገ እንደርሳለን በላት፣ ጠላዋ ሮጦ አያመልጣት።»

«ባትሪው ሊያልቅ ነው» ብዬ ስልኩን አጠፋሁት።

ለዓመታት ለራሴ ጠበቃ ቆሜያለሁ። መስመሩ መጥፎ ነበር፣ ምናልባትም ጠላ ብለው ይሆናል እላለሁ። ደግሞም ሁለት ጊዜ በከንቱ ደንግጠዋል፣ ሦስተኛውም እንደዚያው መስሎኝ ነው እላለሁ። ግን እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪ ሰበብ ሲደረድር ከሩቅ አውቃለሁ። ጠላ ደርሷል ብሎ የጠራን ሰው ፈርቶ ስልኩን የሚያጠፋ ማን ነው? እኔ ግን አጠፋሁት። ያጠፋሁት በትክክል ስለሰማሁ ነው። እንደገና ደውለው ለልጃቸው ያቺን ፊደል እንዳይነግሩብኝ ነው። በዚያ ጠዋት መንገዱ ክፍት ነበር፤ ሚኒባስ ብንይዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርሰን ይዘናቸው እንመለስ ነበር።

ውርጌሳ ሄድን። ጠጁ ጥሩ ነበር፣ ስምንት አገኘ። እዚያው አደርን። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ ተቀምጠን ሳለ ከወልድያ በኩል መኪኖች ተከታትለው መውረድ ጀመሩ፤ ፍራሽ፣ ሕፃናት፣ በግ የጫኑ። አስካለ አንዱን ሾፌር ጠየቀችው። የመለሰላትን አልሰማሁም፣ ፊቷን ግን አየሁት። ወደ ላይ የሚመለስ አንድ መኪና ለምነን እስከ መርሳ ደረስን፤ እዚያ ወታደሮች መንገዱ ተዘግቷል ብለው መለሱን። ስልኬን ከፈትኩ፤ ወደ ወልድያ ጥሪ አያልፍም። አስካለ መንገዱ ዳር ተቀምጣ «ነጠላዋን እንኳ አታገኘውም ስትቸኩል» ትላለች። እኔ ትከሻዋን አቅፌ «አይዞሽ» እላት ነበር። ያቀፍኳት በየትኛው እጄ ነው?

ከሕዝቡ ጋር ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ታች ተሰደድን። በዘመድ ቤት ወለል ላይ ወራት አለፉ። መንገዱ ሲከፈት በታኅሣሥ ተመለስን። እማማ በኅዳር ሞተው ነበር። የደም ግፊት መድኃኒታቸው አልቆ፣ ፋርማሲውም ባዶ ሆኖ። ቄስ ፈልገው በወጉ ያስቀበሯቸው አጥር የሚጋሩን ጎረቤታችን እትዬ ሐሊማ ናቸው።

አስካለ መቃብሩ ዘንድ ስትሄድ እትዬ ሐሊማ ለብቻዬ ጠሩኝ። «ልጆቼ ሊሸሹ ሲሉ በባጃጅ እንውሰድዎ ብለው ለመኗቸው» አሉኝ። «እምቢ አሉ። ደውያለሁ፣ መምህሬ ሰምቶኛል፣ ሊወስዱኝ መጥተው ቤቱን ዝግ ቢያገኙት ምን ይሆናሉ አሉ። ወላሂ ሦስት ቀን ሙሉ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔስ ባለቤቴ መራመድ ስለማይችል ነው የቀረሁት፤ እሳቸው ግን እናንተን ብለው ነው። ምን ታደርጉ፣ መንገዱ ነው የከለከላችሁ። አላህ ያውቃል።»

ያን ጊዜ መሬት አልዋጠችኝም፤ በሁለት እግሬ ቆሜ አዳመጥኳቸው። ከዚያ ሁለተኛውን በደል ፈጸምኩ። «እትዬ፣ ይህን ለአስካለ አይንገሯት፣ ትጎዳብኛለች» አልኳቸው። ሴትየዋ እንባቸውን ጠርገው «አዛኝ ነህ፣ አላህ ይጠብቅህ» አሉኝ። ለሚስቱ አዛኝ የሚባለው ስሜ የተጀመረው ያን ቀን ነው።

አሁን በግቢያችን ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ የለም። አስካለ ወደዚያ ጓዳ አትገባም። ጠላ ቀርቶ በሠርግ ቤት ጠጅ እንኳ አትቀምስም። ሁለታችን ብቻ እንድንሆን ነበር የፈለግኩት፤ አሁን ሁለታችን ብቻ ነን። ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ ቡና ፉት እያለች እንኳ የለችም። እኔም ወረቀት አርማለሁ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ለየብቻው እንዴት እንደሚኖር እኔን ጠይቁኝ።

በየዓመቱ የሙት ዓመታቸው ሲደርስ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ ሁልጊዜ ያንኑ። «ስልክ ስትደውል ድምፅዋ ደስ ብሎት ነበር?» ትለኛለች። «አዎ» እላታለሁ። ከዚያ «ጠላዬን ጠጪልኝ ብላ ጠራችኝ፣ ነገ ያልኩት እኔ ነኝ» ትልና ታለቅሳለች። ያንን ጥፋት በጀርባዋ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ስትሸከመውም ከጎኗ ቆሜ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከተዝካሩ መልስ እጄን ይዛ «አንተ ባትኖርልኝ አብጄ ነበር» አለችኝ። ከመርሳ መንገድ ወዲህ እጄን ስትይዘኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያን ማታ ነው።

እናንተ ይቅር እንድትሉኝ አይደለም ይህን የጻፍኩት፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እማማን ይቅርታ ልጠይቅ አልችልም፤ የሉም። ጦርነቱ ነው አልልም፤ ጦርነቱ ብዙ ሰው ገድሏል፣ ያቺን ፊደል የዋጠው ግን እሱ አይደለም። አስካለ ይህን ካወቀች ትታኝ ትሄድ ይሆናል። ትሂድ። እስከ ዛሬ አፌን የዘጋው ይህ ፍርሃት ነው፣ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። የእሷን ሸክም ያበዛሁት እሷን ላለማጣት ነበር።

አሁን እሑድ ጠዋት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ስትመለስ ይህን ወረቀት በእጇ እሰጣታለሁ፤ እስክትጨርሰውም ከፊቷ አልነሳም።

አስካለ፣ የእናትሽ ድምፅ ደስ አላለውም ነበር። ፈርተው ነበር። አንቺ አልቀረሽባቸውም፤ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ።