እማዬ መቀነቷን ያላላች ጊዜ

ትንሹ ወንድሜ ከተወለደ ወዲህ እማዬ ስታስልም ስትስቅም ሽንቷ ያመልጣት ነበር። ይህን ያወቅሁት ልብሷን የማጥበው እኔ ስለሆንኩ ነው፤ እሷማ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። መቀነቷን ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፣ ውኃ መጠጣት ትሸሻለች፣ ሰርግ ስትጠራ «ሕፃኑን ማን ይይዝልኛል?» ትላለች። በከተማችን በመካነ ሰላም እሷን የሚያህል ዘፈን አውራጅ የለም እኮ! ወግዲ ያለችው ታናሽ እህቷ «ለጥር ላገባ ነው» ብላ ስትደውል እንኳ «አልመጣም» አለቻት። አክስቴ በስልክ አለቀሰች።

በጥቅምት ወንድሜን ልናስከትብ ሆስፒታል ሄደን አዋላጇን ድፍረት አግኝቼ ስለ እማዬ ችግር ጠየቅኋት። እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። አዋላጇ ግን «አብሽሪ፣ የብዙ እናት ችግር ነው» ብላ በሰውነት እንቅስቃሴ ወደምታክመው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወሰደችን።

ባለሙያዋ መጀመሪያ ያየችው መቀነቱን ነው።

«እትዬ፣ ምነው እንዲህ አጠበቁት?»

«ወገብ ካልታሰረ ሁሉም ይዘረገፋል ብዬ ነዋ!»

«እሱ እኮ ነው ወደ ታች የሚጫነው። ጆንያ መሃሉን ቢያስሩት እህሉ ወዴት ይሄዳል?»

እማዬ ትንሽ አሰበችና አላላችው።

ከዳሌ ሥር እንደ አልጋ ጠፍር ተወጥሮ ሽንት የሚይዝ ጡንቻ አለ አለችን። ወሊድ ያረግበዋል፣ ሲያሠሩት ግን ይበረታል። «ሽንትም አየርም እንዳያመልጥዎ እንደሚይዙት ወደ ላይ ሳብ፤ እስከ አምስት ቆጥረው ይልቀቁት።» እማዬ ትንፋሿን ውጣ፣ ጉንጯን ነፍታ፣ ዓይኗን አፈጠጠች።

«እትዬ፣ በፊትዎ አይደለም! ደግሞ ይተንፍሱ!»

ሦስታችንም ሳቅን። እማዬ ግን ጭኗን ገጥማ ነበር የሳቀችው።

ቤት ውስጥ አስታዋሿ እኔ ሆንኩ። ጤፍ ስትነፋ «እማዬ፣ ሳቢ!» እላለሁ። «ስቤያለሁ፤ አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ!» ወሩ አልቆ ለውጥ ስታጣ «በቃኝ!» ብላ ተቆጣች። እኔ ግን አልተውኳትም። በታኅሣሥ ጉንፋን ይዟት ስታስል ስታስል ቆየችና ቀሚሷን ዳሰሰች።

«ደረቅ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

በጥር ለሰርጉ ወግዲ ሄድን፤ ዳሱ ውስጥ እማዬ ዘፈን አወረደች፣ ዘለለች፤ ሙሽራዋ አክስቴ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። በማግስቱ ሴቶቹ «ቀርተሽ ልታስቀይሚን የነበረው ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ከበቧት። ያቺ ለማንም ያልተነፈሰች እናቴ ሁሉን ነገረቻቸው! ስንቱ «እኔም እኮ» አለ መሰላችሁ። ወዲያው ማስተማር ጀመረች። የሙሽራው አጎት ብቅ ሲሉ አሥር የሚሆኑ ሴቶች በአግዳሚው ተደርድረው ጸጥ ብለዋል።

«ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?»

«ሥራ ላይ ነን፤ ይውጡልን!» አለች እማዬ።