የእትዬ ዘነበች የምስክር ወረቀት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ የሥራ ማመልከቻዋን በእንግሊዝኛ ጽፋ እንዳርምላት አመጣችልኝ። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ «ሃርድሊ» የምትለዋን ቃል ሳይ ደሜ ፈላ። ልጅቱ የተቆጣኋት መስሏት ደነገጠች። በእሷ አልነበረም።

ነገሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ አራዳ ውስጥ የአንድ ግሪካዊ ነጋዴ ጸሐፊ ነበርኩ። እንግሊዝኛን ሚሲዮን ቤት ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ክረምት ክረምት በጭቃ የቀረሁበትን ካልቆጠርነው ማለቴ ነው።

የነጋዴውን ቤት ልብስ የሚያጥቡት እትዬ ዘነበች ይባሉ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሴት ናቸው። ጠዋት ሲመጡ የገብስ ቆሎ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡልኛል፤ ሙቀቱ ገና አልወጣለትም። ነጋዴው ወደ አገሩ ሊመለስ ሲሰናዳ፣ አንድ እንግሊዛዊ አጣቢ እንደሚፈልግ ሰማንና ላክናቸው። ሰውዬው የምስክር ወረቀት ጠየቃቸው። ነጋዴው እንግሊዝኛ ስለማያውቅ እኔ ጻፍኩ፣ እሱ ፈረመ።

«በርትተው ይሠራሉ» ለማለት ነበር ሐሳቤ። መምህራችን እንዲህ ላለው ቃል መጨረሻው ላይ «ሊ» ጨምሩበት ብሎናል፤ «ስሎው» «ስሎውሊ» ይሆናል። እኔም «ሃርድ»ን «ሃርድሊ» አደረግኋት። ለካ «ሃርድ» ብቻዋን በርትቶ ማለት ናት፤ «ሃርድሊ» ስትሆን «እምብዛም» ማለት ነው። በገዛ እጄ «እትዬ ዘነበች እምብዛም አይሠሩም» ብዬ ጽፌላቸዋለሁ።

በማግስቱ የሐምሌ ዝናብ ያበሰበሰው ነጠላቸው ከገላቸው ተጣብቆ ሱቁ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍክልኝ? ሰውዬው አነበበና ሳቀ። እንግዶቹን ጠርቶ አስነበባቸው፤ ሁሉም እኔን እያዩ ሳቁ። ከዚያ ሂጂ አለኝ።»

ከጊዮርጊስ ቁልቁል በጭቃው እየተንሸራተትኩ ሮጥኩ። ሰውዬው በረንዳው ላይ ሻይ ይጠጣል። ቃሏን በጣቱ እያሳየ፣ እየሳቀ አስረዳኝ።

«ጌታዬ፣ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ግን ገብቶዎታል?»

«እንዴታ! ወዲያው ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አባረሯቸው?»

«ወረቀቱ እንደዚያ ይላላ!»

ጮህኩበት። «ሰነፍ ናት ብሎ ምስክር የሚጽፍ ሰው የት አይተዋል? ለአንድ ቀን ሳቅ ብለው ሰውን ከእንጀራው ያፈናቅላሉ?» እንግሊዝኛዬ እዚያ ላይ አለቀብኝ፤ የቀረውን በአማርኛ ወረድኩበት። እሱ ምንም አልገባውም። ሁሉም የገባው በሩ ላይ የቆመው ዘበኛው ነው፤ አንገቱን ደፋ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰውዬው ሌላ አጣቢ አጥቶ በዚያው ዘበኛ አስጠራቸው።

«አልሄድም» አሉ እትዬ ዘነበች። «ሸሚዙን ባጠብኩ ቁጥር ሳቁ ይሰማኛል።»

ክረምቱን የዚህንም የዚያንም ልብስ እያጠቡ በችግር ገፉት። መስከረም ላይ አንድ የአርመን ቤተሰብ ወረቀት ሳይጠይቅ ቀጠራቸው። እኔን አንድም ቀን አልወቀሱኝም።

ዛሬ አርጅቻለሁ። በወጣትነቴ ለሠራሁት ስህተት ሁሉ፣ ለዚያችም ቃል ጭምር፣ ራሴን ይቅር ብያለሁ፤ ሳላውቅ ነው የጻፍኳት። ሰውዬው ግን አውቆ ነው ያነበባት። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ይቅር ልለው አልቻልኩም፤ ልሞክርም አልፈልግም።