ከጋቢ ሥር የቀረ ዋጋ

ባለቤቴ የከብት ነጋዴ ነበር። ከሐርቡ ቆላ ወይም ከኮምቦልቻ በሬ ገዝቶ እየነዳ ያመጣና ደሴ ይሸጣል። ያን ጊዜ የበሬ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ገዥና ሻጭ እጃቸውን ከጋቢ ሥር ያስገቡና ጣት ለጣት እየተጫጫኑ ይከራከራሉ፤ አፋቸው ግን ስለ ዝናቡ ያወራል። ሲስማሙ እጃቸውን ይለቃሉ።

ጣሊያን ከገባ በኋላ የደሴ ገበያ መግቢያ ላይ ሰሌዳ ተቸነከረ። ቄሱ አባቴ ፊደል አስቆጥሮኝ ስለነበር ሰዎች "አንቺ አንብቢልን" አሉኝ። በየገበያው ለበሬ ሁሉ አንድ ዋጋ ተቆርጧል፤ በዋጋ የተከራከረ ይቀጣል ይላል። ከደጋን የመጡ ሽማግሌ፣ የባለቤቴ የቆየ ደንበኛ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሜቴ፣ በሬዎቹስ ሰምተዋል? ከሲታውና ድልቡ እኩል ከሆኑ፣ ወላሂ፣ እኔ ከሲታውን ነው የማመጣው!"

ሁሉም ሳቀ። በሚቀጥለው ገበያ ግን እውነትም የመጣው ከሲታ ብቻ ነበር። ቆይቶ እሱም ቀረ። ሥጋ ሻጩ ዘጋ፤ ገበያተኛው ሲቀር ቅቤም ጠፋ። ወታደሮቹ ባዶውን ሜዳ ይዞሩ ነበር። ገበያ ዝም ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ ያን ጊዜ አየሁ።

"ገዥና ሻጭን ቢተዉአቸው ከብቱ ነገ ይመጣል" ይል ነበር ባለቤቴ። "ዋጋ በሁለት ሰው እጅ ነው የሚበጀው፤ በምስማር አይደለም።"

"ድምፅህን ዝቅ አድርግ" እለው ነበር።

አንድ ጠዋት በሬ ልገዛ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ አለ። ለመንኩት፤ እምቢ አለ።

"እንግዲያው ጋቢህን ተው። እጅህ የሚገባበት አይኑር።"

"በዚህ ብርድ? ሌላ ባል አይተሻል መሰለኝ" ብሎ ሳቀ። ግን ትቶልኝ ሄደ።

ከቀናት በኋላ ሽማግሌው እያነከሱ ብቻቸውን መጡ።

"በሬዬን ወደደው። እኔ ጋቢዬን ዘረጋሁ፤ እሱም ሳያስበው እጁን አስገባ፤ የኖረበት ነው። ወታደሮቹ ምን ትደብቃላችሁ ብለው ከበቡን። እኔን ገርፈው ለቀቁኝ፤ እሱን በካሚዮን ጫኑት።"

"ወዴት?"

"አላውቅም ልጄ።"

እስካሁንም የነገረኝ የለም። ተዝካሩን ያለ መቃብር አወጣሁ።

ሽማግሌው የመጡ ዕለት ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ "ተስማምታችሁ ነበር?" አልኳቸው።

ሽማግሌው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባለቤቴን ጋቢ ቀና ብለው አዩት።

"አልተስማማንም። ሲወስዱት ገና እጄን አልለቀቀም ነበር።"