ሜዲካል በሰሊጥ ወር

እኛ አገር ሰው ሁለት ወሬ አያልቅበትም፤ የሰሊጥ ዋጋና የሰው ቪዛ። ስለ ሰሊጥ የሚያወራው ቢያንስ ማሳ አለው። ስለ ቪዛ የሚያወራው ግን ፓስፖርት እንኳ የለውም። መተማ ወረዳ፣ ኮኪት መናኸሪያ ጥግ ካለው ሻይ ቤት ሄዳችሁ ብትቀመጡ፣ አንድ ሻይ ሳትጨርሱ ስለ አሜሪካ ኤምባሲ የማታውቁት ነገር አይቀርም። ግማሹ ውሸት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ውሸት መሆኑን ተናጋሪው ራሱ ያላወቀው ነው።

ከሁሉም የባሰው አንድ ሰውዬ ነበር። ኤምባሲው ሦስት ጊዜ መልሶታል። ሌላ ሰው ቢሆን አንዴ ሲመለስ አፍሮ ዝም ይላል። እሱ ግን ከሦስተኛው በኋላ አማካሪ ሆኖ አረፈው። «እኔ የማላውቀው የኤምባሲ በር የለም» ይላል። አዎ፣ የመውጫውን በር አሳምሮ ያውቀዋል። የራሱ እያረረበት የሰው ያማስላል ማለት እሱ ነው። እኔን የሚያናድደኝ የእሱ ማውራት አይደለም፤ ወንበር ስቦ የሚሰማው ሰው ብዛት ነው።

ወንድሜ ገና ጢም ሳያበቅል በዚሁ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ከሱዳን ወዲያ በየት በየት አድርጎ እንደሆነ እንጃ፣ አሜሪካ ዘለቀ። ዜግነት ሲያገኝ ለእናታችን አመለከተ። ደግ ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን እናቱ የናፈቀችው ሁለት ልጅ ወልዶ፣ ሚስቱ የማታ ሥራ ገብታ፣ ሞግዚት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ካወቀ በኋላ ነው። ይህንኑ በስልክ ነገርኩት።

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን ነው የምታስቢው» አለኝ።

አላሰብኩትም፤ የሚታይ ነገር ምን ይታሰባል?

እኔ ከባሌ ከተፋታሁ ወዲህ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። አባታችን ከደጋ ወርዶ፣ ጫካ መንጥሮ ያቀናው መሬት አለን። እሱ ከሞተ በኋላ ትራክተር እየተከራየን የምናሳርሰው፣ የቀን ሠራተኛ እየቀጠርን የምናሳጭደው እኔና እሷ ነን። ለደገኛ ላስረዳ፦ ሰሊጥ እንደ ማሽላ ትዕግሥት የለውም። ማሽላ ቆሞ ይጠብቃል። ሰሊጥ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ካልታጨደ ፍሬውን የያዘው ከረጢት አፉን ይከፍትና ያለውን ሁሉ መሬት ላይ ያፈሰዋል። ረገፈ ይባላል። በቆላው ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ሰው «ረገፈብኝ» ሲል እግዜር ያጽናህ ሊሉት ምንም አይቀራቸው። በመኸር ቀን «ይርገፍ» የሚል ካለ ደመኛ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤው መጣ። ኢንተርቪው ጥቅምት ላይ፤ ከዚያ በፊት ሜዲካል፣ የጤና ምርመራው። ጥቅምት! ዓመቱን ሙሉ ዝም ብለው ከርመው ልክ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወር።

ያን ሰሞን ምክር እንደ ዝናብ ወረደብን። አማካሪው ቤታችን ድረስ መጣ። እናቴ ፊት እግሩን አጥፎ ተቀመጠና፣ «እናታችን፣ ሜዲካል ማለት እንደ ጎመን ነው፤ ካደረ አይሆንም። ለኢንተርቪው ሦስት ቀን ሲቀረው ይግቡ። ሲጠይቁዎት ሁሉንም የለም ይበሉ። ሳል? የለም። ወባ? የለም» አላት።

«ወባም?» አለች እናቴ።

«እሱንም።»

«ኸመተማ መጥቼ ወባ የለብኝም ብል ማን ያምነኛል ልጄ?»

ወንድሜ በበኩሉ እየደወለ ይጮሃል። ሳንባዋ ላይ አንድ ነገር ቢያዩ ለወራት ያስጠብቃሉ፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትይ ውሰጃት ይላል። እሱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ነው የሚያዘኝ። ከኮኪት ጎንደር ያለው መንገድ አንድ ሳምንት ክፍት ሆኖ ሁለት ሳምንት እንደሚዘጋ፣ እዚህ ቀጠሮ የሚሰጠው ደብዳቤ ሳይሆን መንገዱ እንደሆነ እሱ ረስቶታል። ሁለቱንም ናቅኳቸው። የእኔ መልስ አንድ ነበር፤ ለወንድሜም፣ ለአማካሪውም፣ ለጎረቤቱም እሱኑ እደጋግም ነበር። «እናቴ ሰሊጧን ትታ የትም አትሄድም። ይራዘም።»

እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማለች። እሷን አልጠየቅኳትም። ምን ይጠየቃል? የማውቃት እኔ ነኝ።

ነሐሴ ላይ ግን ራሷ ተነሣች። «አረሙ አልቋል። አሁን ሥራ የለም፤ ሜዲካል የሚሉትን እንጨርሰው» አለችኝ። ለመገላገል ነው ብዬ አሰብኩ። በጭቃው እየተንፏቀቅን፣ በየኬላው እየተፈተሽን አዲስ አበባ ገባን።

ክሊኒኩ ውስጥ ያየሁትን ሰው ዛሬም አልረሳው። ሐኪም ሊያየው የመጣ ሰው ከረባት ያስራል? ሠርግ የተጠራ ይመስል ሴቱ ተኳኩሏል፣ ወንዱ ሽቶ ተርከፍክፏል። አንዱ ሽማግሌ ደም ያጠራል ተብለው ሎሚ ሲጠጡ መሰንበታቸውን በሹክሹክታ ነገሩን። አንዷ ልጇን «ሳቅ በል፣ ፈገግ በል» እያለች ትቆነጥጣለች፤ ራጅ ፈገግታ የሚያነሣ መስሏት። እናቴ በላስቲክ ጫማዋና በነጠላዋ መሐላቸው ተቀምጣ ሁሉንም ታያለች።

ነርሷ «እማማ፣ ሳል ነበረብዎት?» አለቻት።

«ሰሊጥ ሲያራግፍ የማይስል ሰው አለ እንዴ?» አለች እናቴ። በክርኔ ነካኋት። ዞር ብላ፣ «ምን ትጎሽሚኛለሽ?» አለችኝ፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማ።

ራጁ ላይ ያረጀ የሳንባ ጠባሳ ታየ። እንግዲያው የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን ይጣራ፣ ሦስት ቀን በጠዋት እየመጡ አክታ ይስጡ አሏት። ጉድ የመጣው እዚህ ላይ ነው። መኸር በመጣ ቁጥር ቤቱን በሳል የምታናጋው ሴትዮ አዲስ አበባ ላይ አልስል አለች። ዕቃውን ይዛ ትቆማለች፣ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፣ ምንም የለም።

«ይሞክሩ እማማ» ትላለች ነርሷ።

«ሳሌ ቆላ ቀርቷል እኮ ልጄ። ኸዚህ ድረስ ማን ትኬት ቆርጦለት?»

በመከራ ተገኘ። ነርሷም አክታው ላቦራቶሪ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ጀርም ካለበት እንደሚበቅል፣ ይህም ሁለት ወር እንደሚፈጅ አስረዳችን። እናቴ ፊቷ በራ። «አሁን ገና የሚገባኝ ነገር ነገርሽኝ። ዘርታችሁ ማየት ነው። ብቻ ይኸኛው እንዳይበቅል ነው የሚጸለይለት!» አለች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች፦ «ውጤቱ ኸወጣ ወዲያስ ወረቀቱ እስተ መቼ ይሠራል?»

ነርሷ ዕድሜው አጭር እንደሆነ፣ ከሦስት ወር እንደማያልፍ፣ ቪዛውም ከወረቀቱ በላይ እንደማይቆይ ነገረቻት። እናቴ በጣቷ አንድ ነገር ቆጠረች። እኔ የቆጠረችው ሰሊጡን መስሎኝ ነበር።

ስንመለስ ሻይ ቤቱ ሁሉ ተንጫጫ። አማካሪው «ነግሬ ነበር፣ ቸኮላችሁ» አለ። ወንድሜ «ነግሬ ነበር፣ ዘገያችሁ» አለ። በአንድ ሜዲካል ቸኩሎ መዘግየት የቻለ ቤተሰብ ከእኛ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ጥቅምት ደረሰ። በዚያ ዓመት መንገዱ ተዘግቶ ስለከረመ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ እንደ ድሮው አልመጣም። የመጣውን ጥቂት ሰው ባለ ትልልቅ እርሻዎቹ ጠራርገው ወሰዱት። ስለዚህ እኔና እናቴ ራሳችን ማጭድ ይዘን ገባን። አጭደን፣ ነዶውን አስረን፣ አቁመን እንዲደርቅ ሂላ እንሠራለን። ገና አላጋመስነውም። ከዳር በኩል ያለው አፉን ሊከፍት ደርሷል።

ስልክ ጮኸ። ወንድሜ ነው። ውጤቱ ወጥቷል፤ ምንም አልበቀለም። ኢንተርቪውም በቀኑ ነው። መንገዱ ደግሞ ትናንት ተከፍቶ ኖሮ ነገ ጠዋት አውቶቡስ ይወጣል።

«አይሆንም» አልኩት። «ለኅዳር አዛውረው።»

«አዛውረው? ከዛወረ መቼ እንደሚሰጡ ማን ያውቃል? ወረቀቱ ይቃጠላል። እንደገና ራጅ፣ እንደገና አክታ! እሷን አገናኚኝ።»

«ትታ አትሄድም አልኩህ እኮ።»

እናቴ ከጎኔ ካለው መስመር ቀና አለች። «ማነው?»

«ልጅሽ። ነገውኑ ተነሽ ይላል። አይሆንም ብዬዋለሁ፤ ሰሊጡ ይረግፋል።»

ማጭዷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ይርገፍ» አለች።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «ምን አልሽ?»

«ይርገፍ አልሁ። ልጄን ሳላየው ስንት መኸር አጨድሁ? አንድ ሰው ትሄጃለሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል? አንቺ አፌ ሆነሽ ስታወሪልኝ ከረምሽ፤ እኔ ወረቀቱ እስኪደርስ ነው ዝም ያልሁት። ደረሰ። ይርገፍ!»

ስልኩን ከእጄ ወሰደችና «እመጣለሁ» አለችው።

ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም። አብሬያት ያረስኩት፣ በወባ ስትንቀጠቀጥ ያስታመምኳት፣ ውሃ የቀዳሁላት እኔ ነኝ፤ ይርገፍ የተባለው ግን ለእሱ ነው። በስልክ እናት የሚያዝ ልጅ ይህን ያህል ከተወደደ አጠገብ መክረም ምን ይረባል? ይህን አልነገርኳትም። ልሸኝሽ እንኳ ማለት አልቻልኩም፤ ሁለታችንም ከሄድን ማን ያጭዳል?

የሸኛት አማካሪው ነው። ጠዋት ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ሰፊ ኮት ለብሶ መናኸሪያ ቆሞ አገኘነው። «እኔ አደርሳቸዋለሁ። ደጁን አውቀዋለሁ» አለ።

«ከደጁ አልፈህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ተይ!» አለችኝ እናቴ። ከመሄዷ በፊት ከአፏ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው፤ አውቶቡሱ ተነሣ።

ከቀናት በኋላ ማሳ ላይ እያለሁ አማካሪው ደወለ። «አለፉ! አለፉ እህቴ!» ይላል፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ያ ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሰውዬ መንገድ ላይ ቆሞ እያለቀሰ ነው። ለእሷ ይሁን ለራሱ አላወቅኩም፤ አልጠየቅኩትምም። እናቴ ከውስጥ ወጥታ እንደነገረችው ከሆነ፣ ቆንስላው ልጅዎ ምን ይሠራል ሲላት «መኪና እነዳለሁ ይላል፤ ውሸት እንደሆን ሄጄ ልየው» ብላው ሳቀ አሉ። ፓስፖርቷ እንደተመለሰላት የወረቀቱ ዕድሜ እንዳያልፍ ወንድሜ ትኬት ቆረጠ። ወደ ኮኪት ሳትመለስ ከዚያው በረረች።

እኔ አጨድኩ። ወገቤ እስኪቆረጥ፣ ጨረቃ ካለ በጨረቃም። ከዳር ያለው ግን አልጠበቀኝም፤ ጠዋት ጠዋት ስሄድ ነጭ ሆኖ መሬት ላይ ፈሶ አገኘዋለሁ። ጉንዳኑ ሠርግ ሆነለት። በየማታው፣ ስትደውል የምመልስላትን እያሰብኩ እተኛ ነበር። ይርገፍ ብለሽ አልነበር? ረገፈልሽ። እንዲህ ልላት አስቤ፣ አስተካክዬ፣ አሹዬ አስቀመጥኩት።

ጥር ላይ አንድ ቀን ደውላ ረጅም ወሬ አወራችኝ። ብርዱን ነገረችኝ። የልጅ ልጆቿ አማርኛ እንደማይሰሙ፣ ግን ስትቆጣቸው እንደሚገባቸው ነገረችኝ። ወንድሜ እውነትም መኪና እንደሚነዳ ነገረችኝ። ስለ ሰሊጡ አልጠየቀችኝም። ያን ሁሉ ቀን ያሾልኩት መልስ አፌ ውስጥ ቀረ።

«አንቺስ?» አለች በመጨረሻ። «እኔም ወረቀቴ ሲያልቅልኝ ላንቺ ማመልከት እችላለሁ አሉኝ። ብዙ ዓመት ይፈጃል አሉ። ባል ካገባሽ ግን ይበላሻል፤ እስተዚያው እንዳታገቢ። ሜዲካልሽን እንደኔው ነሐሴ ላይ አድርጊው፤ ኸአረም በኋላ ነው የሚሻለው።»

ሦስት ወር ሳይሞላት አማካሪ ሆና አረፈችው። ሻይ ቤቱ ወንበር ቢያቀርብላት ያን ሰውዬ ሥራ ታስፈታዋለች ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

«ትመጫለሽ አይደል?» አለች።

ሳቄ ቆመ። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። መልስ ፈለግኩ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እስኪ ሰሊጡ ይድረስና» አልኳት።



«የቱ ሰሊጥ?» አለችኝ። «ገና አልተዘራም እኮ።»