የምራቴ ፈረሰኛ

ዶሮ ሲበለት ከአሥራ ሁለቱ ብልት አስቸጋሪው ፈረሰኛው ነው። ፈረሰኛ የምንለው ደረቷን ነው። ሥጋው ብዙ፣ ስቡ ትንሽ ስለሆነ እሳት ከበዛበት እንደ ገመድ ይደርቃል። ይህን የማውቀው አብስዬው እንጂ በልቼው አይደለም። በደንቡ ፈረሰኛው የአባወራው ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የእሱ ነበር፤ እሱ ሲሞት እንደ ርስት ወደ ልጄ ተላለፈ። እኔ አንገትና ክንፍ ስግጥ ሸበትኩ።

ለራሴ ብዙም አልተከራከርኩም። የተከራከርኩት ለምራቴ ነው። ጦርነቱ ከተማችን መርሳ ከመድረሱ በፊት በነበረው ፋሲካ ዶሮዋን የነጨቻት፣ የለበለበቻት፣ በጨውና በሎሚ ውሃው እስኪጠራ ያጠበቻት እሷ ናት። ማዕዱ ሲቀርብ ልጄ ፈረሰኛውን አነሳ፤ እሷ ጋ የደረሰው ክንፍ ነው።

«ይሄ ፍርድ አይደለም» አልኩ።

«እማዬ ደግሞ፣ በበዓል ቀን ችሎት ልትቀመጪ ነው?» አለ ልጄ።

«አዎ! ቢላ የቆረጠው የእሷን ጣት፣ ሽንኩርት የለበለበው የእሷን ዓይን። አንተ ምን ሠራህ?»

«አረድኩ።»

«ማረድማ የአፍታ ሥራ ነው!»

ምራቴ ሳቀችና ከዚያ በፊት ያልነገረችንን ነገረችን። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ለገናቸው ተርኪ የሚሉት ዶሮ ይገዛ ነበር፤ ጠቦት የሚያክል። ደረቱ ብቻውን ተቆርጦ በኤሌክትሪክ ድስት ይገባል። ድስቱ እንደኛው አይንተከተክም፤ ጠዋት ከተጣደ የሚወርደው ለእራት ነው። «በየዓመቱ አበስለው ነበር፣ እማማ። ከፍቼ ጨው እጨምራለሁ፣ መረቁን በማንኪያ ከላይ አፈስበታለሁ፣ ቆርጬ በሳህን አቀርባለሁ። አንድም ቀን አልቀመስኩትም። ለእኔ አንገቱን ይተዉልኝ ነበር» አለች።

ወደ አገሯ ስትመለስ ሻንጣዋን የሞላው ልብስ ሳይሆን እንደዚያ ያለ ድስት ነበር። እኔ ስንት ጊዜ ስቄባታለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ምን ድስት ይጣዳል ብዬ። የዚያን ዕለት ግን ደሜ ፈላ። ባሏም ልጆቿም እየሰሙ ፈረድኩ፤ «የእንቁጣጣሹ ፈረሰኛ ያንቺ ነው። የሚበስለውም በድስትሽ ነው። የሚነካብሽ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ» አልኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ጦርነቱ መጣ። ከወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያው ድምፅ እየቀረበ ሲሄድ የመርሳ ሰው በመኪናም በእግርም በደሴ መንገድ ወደ ውርጌሳ ጎረፈ። ልጄ ደሴ ድረስ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ቦታ አገኘ። እኔ የምቀመጥባት ቦታ የሁለቱ የልጅ ልጆቼ ቦታ ነበረች። አልወጣም አልኩ። ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፤ አልሰማሁትም። መኪናው ሲነሳ ምራቴ ከላይ ሆና «እማማ፣ ፈረሰኛዬን ለታጣቂ እንዳይሰጡብኝ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔና እሷ ሳቅን። መኪናው ከዓይኔ ሲጠፋ ግን ግቢው እንዴት ሰፊ እንደሆነ ያን ጊዜ አየሁት።

መብራት ጠፋ፤ ስልክም ተከትሎት ጠፋ። ታጣቂዎቹ ገብተው የሰፈሩን ዶሮ ጨረሱት። ከእኔም ሦስት ወሰዱ። አንዷን ጓዳ ውስጥ በትልቅ ቅርጫት ደፍቼ፣ ጨርቅ አልብሼ አዳንኳት። ዶሮ በጨለማ አትጮህም። ሰው ሲናፍቀኝ ቅርጫቱን ገለጥ አድርጌ እሷን አወራታለሁ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከአፌ የወጣው ቃል ለእሷ ያልኩት ብቻ ነበር። ልጆቼ ደሴ ይድረሱ፣ መንገድ ላይ ይቅሩ፣ የሚነግረኝ አልነበረም።

እንቁጣጣሽ ሲመጣ ቃሌን አስታወስኩ። እነሱ ባይኖሩም ቃል ቃል ነው፤ ማን ያውቃል፣ ለበዓሉ ይደርሱ ይሆናል አልኩ። ችግሩ የሚያርድ ወንድ መጥፋቱ ነበር። በእኛ ደንብ ሴት አታርድም። በሰፈሩ የቀሩት ወንድ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሼህ ብቻ ናቸው፤ ጉልበታቸው ታሞ መሸሽ ያቃታቸው ሽማግሌ። አጥር ላይ ሆኜ ጠራኋቸው።

«ሼኾች፣ ዶሮ የሚያርድልኝ አጣሁ።»

«እኔ ባርድልዎት እርስዎ አይበሏትም። እርስዎ ቢያርዷት እኔ አልበላትም» አሉ። «ምን ይሻለናል?»

«እንግዲያው እኔው አርዳታለሁ።»

«አዑዙ ቢላህ! ሴት?»

«ወንዶቹ ሮጡ እኮ፣ ሼኾች። ቢላውን ግን ትተውልኝ ሄደዋል።»

ሲስቁ ሰማሁ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ማየቱ ነውር ስለሆነ ሳያዩ አስተማሩኝ። «ክንፎቿን በእግርዎ ይርገጡ። ረገጡ? ጭንቅላቷን ወደ ኋላ። ቢላውን ሳሉት? አይዘግዩ፣ መዘግየት ግፍ ነው።» በስመ አብ ብዬ ቆረጥኩ። በአንድ ጊዜ አልሆነም። በጨለማ ስታደምጠኝ የከረመች ዶሮ ናት። የአፍታ ሥራ ብዬ ልጄን ያዋረድኩበትን ቀን አሰብኩ።

«አለቀ?» አሉ ሼሁ።

«አለቀ።»

«አላህ ልጆችዎን በሰላም ያምጣልዎት» አሉና፣ ሳይዞሩ በምርኩዛቸው ወደ ቤታቸው ገቡ።

አሥራ ሁለት ቦታ በለትኳት። ወጥ መሥራት አልቻልኩም፤ ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታው መንገድ ላይ ያሉትን ይጠራል። እንደ ምራቴ አደረግሁ። ከኤሌክትሪኩ ድስት ውስጥ እንደ ሸክላ የከበደውን የውስጡን ድስት አወጣሁ። ፈረሰኛውን በነጭ ሽንኩርት፣ በእርድ፣ በጨውና በቀረችኝ ማንኪያ ቅቤ አሸሁ፣ ትንሽ ውሃ ጨመርኩ፣ ክዳኑን ዙሪያውን በሊጥ መረግሁ። ፍሙን በአመድ ሸፍኜ ድስቱን በትኩሱ አመድ መሃል ቀበርኩት። ፍም በቀጥታ ቢነካው ይሰነጠቃል። ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቡ ተቀምጬ ሲቀዘቅዝ ፍም እጨምራለሁ፣ ሲግል አመድ እጨምራለሁ። ያን ቀን በምራቴ ስቄባት እንደነበር እያሰብኩ አፈርኩ። የሚጠበቅ ነገር ያለው ሰው ቀኑ ያልፍለታል።

ሌላውን ሥጋ በትንሽ ድስት ቀቅዬ፣ የእኔን አንገትና ክንፍ በላሁ። ፈረሰኛውን አልነካሁም። ማዕዱ ላይ ከፊቴ አስቀምጬው ባዶውን ቤት «እንኳን አደረሳችሁ» አልኩት።

በሁለተኛው ቀን አሞቅሁት። በሦስተኛውም። ወጥ ጠዋትና ማታ ከሞቀ ይቆያል። እሱ እስካልተበላሸ ድረስ እነሱም ደህና ናቸው የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የሚያስተባብለኝ ሰው አልነበረም። መኪና በመጣ ቁጥር በር ላይ እወጣለሁ፤ የታጣቂ ነው።

በአምስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ሽታው ተለውጧል። ገና አልተበላሸም፤ ለመበላሸት ጀምሯል። ተቀምጬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ብበላው የሰው ድርሻ በላሁ ማለት ነው፤ ያውም እኔ ራሴ የፈረድኩላትን። ብደፋው፣ ሰው በተራበበት ከተማ ሥጋ ደፋሁ። ለሼሁ እንዳልሰጥ አይበሉትም። እንደ ገና አፍልቼ፣ ማዕዱ ላይ አቅርቤ፣ እጄን ታጥቤ በላሁት።

ጥርስ አላስፈለገውም። ዕድሜዬን ሙሉ ያበሰልኩትን ነገር ያን ቀን ቀመስኩት። ጣፈጠኝ፤ መጣፈጡም አናደደኝ። እያለቀስኩ ጨረስኩት።

በታኅሣሥ መንገዱ ሲከፈት መጡ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ከሩቅ ቆጠርኳቸው፤ አራቱም አሉ። ምራቴ አቅፋኝ ሳትጨርስ «ፈረሰኛሽን በላሁት» አልኳት።

ልጄ «ድሮም በደንቡ የኔ ነበር» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ዝም በል አልኩት።

«ታጣቂ ከሚበላው እርስዎ ቢበሉት ይሻላል» አለች እሷ። የቀረው ነገር ሁሉ እስኪወራ ጠበቀችና፣ እኔና እሷ ብቻችንን ስንሆን «ጣፈጠዎት?» አለችኝ።

«ጣፍጦኛል። አልዋሽሽም።»

«እንግዲያው ይንገሩኝ፣ እንዴት ነበር? እኔ እኮ እስካሁን አልቀመስኩትም።»

አፌን ከፈትኩ። ለስላሳ ነው አልኳት። ቅቤውን ጠጥቶታል አልኳት። እሷ ግን ዓይኗን ከአፌ ላይ ሳታነሳ ጠበቀች።

ልጄ ወልድያ የሚሠራበት ጋራዥ ተዘርፎ ባዶውን ስለቀረ በአራተኛው ቀን ሥራ ወዳገኘበት ወደ ደሴ ተመለሱ። ለገና በመርሳ ገበያ አንዲት ዶሮ አልነበረችም። ሽሮ አበሰልኩ፤ ብቻዬን በላሁ።