ባልዲ ያልገባው ጣሳ

ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸው አጎቴ የታሸገ ነገር በዓይናቸው ብቻ አያምኑም ነበር። ጉለሌ በነበረው የመንግሥት ፍራፍሬ ማሸጊያ ሲሠሩ፣ የታሸገ ባዶ ጣሳ ሙቅ ውሃ ባለበት ባልዲ ይደፍቃሉ። አረፋ ከወጣ፣ «ይሄ ይተነፍሳል፤ ክረምት አይዘልቅም» ይላሉ።

በደርግ ጊዜ ለደረቅ ሙዝ አዲስ የማሸጊያ ማሽን ሲመረጥ ባልዲያቸውን ይዘው ስብሰባ ገቡ።

«ጓድ፣ የወዳጅ አገር ማሽን በባልዲ ይፈተናል እንዴ?» አለ ሰብሳቢው። አዳራሹ ሳቀ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ እርጥበት ወዳጅ አያውቅም» አሉት።

አንድም ጣሳ ባልዲው ሳይገባ፣ ማሽኑን የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባለ። እዚያው የምሠራው እኔ የእህታቸው ልጅ፣ ጭንቅላቴ ከጣሳው የባሰ ባዶ የነበረው ጀግና፣ ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ።

ነሐሴ ላይ ሙዙ በየጣሳው ሻገተ። ታዲያ ማን ቢቀጣ ጥሩ ነው? እሳቸው! «አሻጥረኛ» ተብለው ከሙያቸው ተነሡና እስከ ጡረታ የዚያው ግቢ ዘበኛ ሆኑ። ይሄ ግፍ ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። ሰብሳቢውማ ተሾመ!

በየጠዋቱ በሩን ከፍተው «እንደምን አደርክ ልጄ» ይሉኝ ነበር። እጄን ለምን እንዳወጣሁ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ፈርቼ ነበር፣ አጎቴ። ይህችን ቃል ለመናገር እስክሸብት ቆየሁ፤ ከቀብራቸው በኋላ ትናንት ደፍሬ ቤታቸው ብሄድ፣ በረንዳው ላይ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ባዶ ነው።